አልጋ ልብሱና ምራቂው

ዛሬ በዚያች ሴት አልጋ ላይ የተነጠፈው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ ፊቴን ስታጠብ እጠይቃለሁ፤ አውቶቡስ ስጠብቅም እጠይቃለሁ። መልሱን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። እሷም ከባሕር ማዶ፣ ረግጬው በማላውቀው ከተማ፣ ቁጥሩን በቃሌ በያዝኩት ቤት ውስጥ ትኖራለች። ስሟን አውቃለሁ፣ ፊርማዋን አይቻለሁ፣ መልኳን ግን አላውቅም። እህቴ "ባለ ወፏ" ብላ ስለሰየመቻት እኔም በዚሁ ስም እጠራታለሁ። በሌላ ስም የጠራኋት ቀኖችም ነበሩ፤ እነዚያ ስሞች እዚህ አይጻፉም።

እህቴ ጥልፍ ጠላፊ ናት። ከእኔ በብዙ ዓመት ትበልጣለች። እናታችን ገና ልጅ ሳለሁ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ "እትዬ" እያልኩ ነው ያደግኩት። ውጭ አገር ሄጄ የተማርኩትም በእሷ መርፌ ነው ማለት ይቻላል። ተምሬ ተመለስኩ። ለምን ተመለስክ ብሎ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የተለያየ መልስ ሰጥቻለሁ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ነበረበት። ሻንጣዬ ግን እስካሁን አልጋዬ ሥር ነው፤ ወፍራሙ ካፖርቴ እንደታጠፈ ውስጡ አለ።

የምኖረው ከእህቴና ከባሏ ጋር ነው። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። እኔ "ጋሼ" እለዋለሁ፤ እሱ "ዲግሪው" ይለኛል። የፊተኛው ክፍል የእህቴ ነው፤ መስኮቱ ሥር ወንበሯ፣ ከወንበሩ ጎን የስፌት መኪናዋ፣ ግድግዳው ላይ በየቀለሙ የተሰቀለ ክር። መንገደኛ ሲያልፍ ጥላው ጨርቋ ላይ ያልፋል። እሷም ቀና ሳትል "ደህና ዋልሽ?" ትላለች፤ ማን መሆኗን በጥላዋ ታውቃለች።

ዓይኗ መታመሙን ያወቅነው ሻይ ስትቀዳ ነው። ብርጭቆውን ስታ ጠረጴዛው ላይ ቀዳችው፤ ቀድታም "እንካ" አለችኝ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለ። ከዳር ከዳር እየጨለመ ወደ መሐል የሚመጣ ሕመም ነው። "የቀረውን ለማቆየት እንሞክራለን እንጂ የሄደውን አንመልሰውም" አላት። እህቴ ከዚያ ስንወጣ ስለ ዓይኗ አንድ ቃል አልተናገረችም። "የዚህ ሰውዬ መጋረጃ ጠርዙ ተተርትሯል" ብቻ አለች።

በዚያው ሳምንት አልጋ ልብሱን ጀመረች።

ነጭ ወፍራም ጥጥ ነው። ዙሪያውን በቀይና በሰማያዊ ክር የተጠለፉ ወፎች አሉት፤ አንዱ ወፍ ከሌላው አይመሳሰልም። አንዷ ላባዋን ታበጥራለች፣ አንዷ አንገቷን አስግጋ ወሬ ታዳምጣለች፣ አንዷ ረጅም ቀይ ጭራዋን ዘርግታ ለሁሉም ጀርባዋን ሰጥታለች።

"ይቺ ምን ሆና ነው?" አልኳት።

"አኩርፋ ነዋ። ባሏ ነው ያናደዳት።"

ጋሼ ጫማውን እያወለቀ፣ "እኔስ የትኛው ነኝ?" አለ።

"አንተማ እንቁላሉ ነህ። ገና አልተፈለፈልክም።"

በሥራው መሐል ግን አንድ ቀን መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ፣ "ከዚህ በኋላ ትልቅ ሥራ አልነካም። ይሄ የመጨረሻዬ ነው" አለችኝ። ሐዘን አልነበረበትም፤ ሒሳቡን እንደጨረሰ ሰው ነው የተናገረችው። ሐሳቧን የነገረችኝም ያን ዕለት ነው። ሱቁ ከቆመላት ሁለት ሴቶች ልታስተምር ነው፤ እነሱ ይጠልፋሉ፣ እሷ በጣቷ እየዳበሰች ታርማለች። "ዓይኔ ቢሄድ እጄ አይሄድም" አለች።

ሱቁ ያለችው በኢንተርኔት የከፈትኩላትን ነው። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የእጅ ሥራ የሚገዙበት ድረ ገጽ ላይ ነው። እኔም ውጭ ስኖር አንድ ነገር ተምሬያለሁ፤ የማያውቁትን ሰው የሚያምኑት በማስረጃ ነው። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ዕቃው ከመታሸጉ በፊት ፎቶ ይነሳል፤ ሲታሸግ ቪዲዮ ይቀረጻል፤ የታሸገው ካርቶን ሚዛን ላይ ተቀምጦ ክብደቱ እየታየ እንደገና ፎቶ ይነሳል። መከታተያ ቁጥር የሌለው ጥቅል ከቤት አይወጣም፤ ተቀባዩ ሳይፈርም አይሰጥም። ትዕዛዙ ላይ ካለው አድራሻ ሌላ ጎረቤት፣ አክስት፣ መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር የለም። ከገዢ ጋር የምንነጋገረውም እዚያው ድረ ገጹ ላይ ብቻ ነው፤ ነገ ክርክር ቢመጣ ዳኛው የሚያነበው እሱን ነውና።

"ይህ ሁሉ ለአንድ የጠረጴዛ ልብስ?" አለች እህቴ የመጀመሪያውን ጥቅል ስቀርጽ። "የኔን ሠርግ እንኳን ቪዲዮ የቀረጸው የለም።"

"እግዜር ይስጠው ያልቀረጸው፤ ስታለቅሺ ይታይ ነበር" አለ ጋሼ።

"ያለቀስኩት አንተን አይቼ ነው።"

እየሳቅን ሳለ እጇን ወደ ካርቶኑ ስትሰድ አየኋት። ትንሽ የተጠለፈ መሐረብ ከጠረጴዛ ልብሱ ሥር ልትሸጉጥ ነበር።

"እትዬ፣ ምንድን ነው እሱ?"

"ምራቂ ነዋ።"

"ያልተጻፈ ዕቃ አይገባም። ቅጹ ላይ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነው ያልነው።"

"ምራቂ ይጻፋል እንዴ? ምራቂ እኮ ነው! ገዢ የገዛውን ብቻ ይዞ ይሄዳል? እናታችን መንገድ ዳር ሽንኩርት ስትሸጥ አንድ ራስ ሳትጨምርላት የሄደች ገዢ የለችም። ለጠላቷ እንኳን ትጨምር ነበር።"

"እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ ጉምሩክ ከፍቶ ቢያየው ችግር ነው።"

"እሺ" አለች መሐረቡን እያጠፈች። "እሺ፣ አንተ ካልክ።"

እህቴ እሺ ስትል ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ያደግኩት እጇ ላይ ነው፤ እሺታዋ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ካርቶኑን የማሽገው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ ፖስታ ቤት የምወስደው በማግስቱ ጠዋት ነው። እስከዚያ የሚቀመጠው በእሷ ክፍል ነው።

ጥቂት ወራት ሸጥን። አምስት አምስት ኮከብ ይመጣልን ነበር። ከኮከቡ ሥር የተጻፈውን አስተያየት አላነብም ነበር፤ ኮከብ እያለ ማን ቃል ያነባል?

አልጋ ልብሱ አልቆ ፎቶውን ለጠፍኩ። ብዙም ሳይቆይ ከባለ ወፏ መልእክት መጣ። "ልጅ ሳለሁ እናቴ አልጋ ላይ እንዲህ ያሉ ወፎች ነበሩ። ፎቶውን አይቼ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ" ይላል። ለእህቴ ተርጉሜ አነበብኩላት። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ ከዚያ ስልኩን ከእጄ ወስዳ የማታነበውን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ሰው አገኘ" አለች፤ አልጋ ልብሱን ማለቷ ነው። "እኔ የፈራሁት ገንዘብ ያለው እንጂ ዓይን የሌለው ሰው እንዳይወስደው ነበር።"

ባለ ወፏ ከፈለች። ወዲያው ሁለተኛ መልእክት ላከች፤ ጉምሩክ እንዳያስከፍላት ቅጹ ላይ "ስጦታ" ብለን ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንድንጽፍላት፣ ደግሞ ቀን ቀን ቤት ስለማትገኝ ለጎረቤቷ እንዲሰጥላት ትለምናለች።

"እንዲህማ አይሆንም" አልኩ።

"ስጦታ ብለህ ብትጽፍ ምን ይቆርጥሃል?" አለች እህቴ።

"ጥቅሉ ቢጠፋ ኢንሹራንሱ የሚከፍለን በጻፍነው ዋጋ ነው። ለጎረቤት ተሰጥቶ ደግሞ 'አልደረሰኝም' ብትል ምን እንይዛለን?"

"ለእናቷ ያለቀሰች ሴት ናት እኮ!"

"ማልቀሷን አየሽ? እኔ ያየሁት ጽሑፍ ነው።"

ጋሼ ከጋዜጣው ሥር፣ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ።

"እሱ ደግሞ ሲጠረጥር ሲጠረጥር አንድ ቀን የገዛ ጥላውን ፖሊስ ጣቢያ ይወስዳል" አለች እህቴ።

የምጽፈውን ጻፍኩ። ትሕትና ነበረው፣ ሙቀት ግን አልነበረውም። ሕጋችን እንደማይፈቅድ፣ ዕቃው በስሟ እንደሚላክ፣ ራሷ እንደምትፈርም። መልሷ አንድ መስመር ነበር፤ "እሺ፣ እንዳላችሁ።"

"አኮረፈች" አለች እህቴ።

"ተረዳች እንጂ።"

"የሚያኮርፍ ሰው አጠር አድርጎ ነው የሚጽፈው። አንተም ውጭ ሳለህ እንደዚያ ነበር የምትጽፍልኝ።"

አልጋ ልብሱን ሳሽግ እህቴ አጠገቤ ቆማ ነበር። አጣጥፋ ስታስገባው እጇ እያንዳንዷን ወፍ ዳሰሰ። ቪዲዮው ላይ ይታያል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ያኮረፈችዋ ላይ ሲደርስ እጇ ትንሽ ቆየ። ካርቶኑን በፕላስተር ዘጋሁ፣ መዘንኩ፣ ፎቶ አነሳሁ።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ጣቱ ላይ የላስቲክ ቆብ ያጠለቀው ሠራተኛ ካርቶኑን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠና ቁጥሩን ተናገረ። ቤት ከመዘንኩት ከፍ ያለ ነበር።

"እርግጠኛ ነህ? ቤት ስመዝነው ከዚህ ያንሳል።"

"ወንድሜ፣ የቤትህ ሚዛን የዘመድ ሚዛን ነው፤ ያዳላል። የመንግሥት ሚዛን ዘመድ የለውም።"

ከኋላዬ የቆመው ሰልፍ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነትም ሚዛናችን ርካሽ ነው፤ ሽንኩርት መመዘኛ ነው። ቅጹን ቤት በመዘንኩት ክብደት ሞልቼ ነበር፤ ደረሰኙ በእነሱ ሚዛን ታተመ። አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከዚያ ጠዋት ጠዋት የእህቴ ጥያቄ አንድ ሆነ፤ "የት ደረሱ?" አልጋ ልብሱን ማለቷ አይደለም፣ ወፎቹን ነው። እኔም መከታተያውን ከፍቼ "አውሮፕላን ማረፊያ ናቸው"፣ "ጉምሩክ ናቸው"፣ "ከተማዋ ገብተዋል" እላታለሁ። ጋሼ "ከኔ በላይ አገር አዩ" ይላል። በመጨረሻ ባለ ወፏ የፈረመችበት ምስል መጣ። ሁሉም ነገር ባወጣሁት ሕግ መሠረት ሄደ። ያን ቀን ለራሴ፣ "የተማርኩት አንድ ነገር ለእህቴ ጠቀመ" አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ አልልም።

ሁለት ቀን ቆይቶ ከድረ ገጹ ማስታወቂያ መጣ፤ ገዢዋ አቤቱታ አቅርባለች። ባለ ወፏ ለእኛ አልጻፈችም፣ ለእነሱ ነው የጻፈችው። "አልጋ ልብስ ገዝቼ የደረሰኝ ሁለት የትራስ ልብስ ብቻ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሌላ ምንም አልነበረም።" ከሥሩ ፎቶ አለ፤ ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን ወፎች የተጠለፉባቸው ሁለት ነጭ የትራስ ልብሶች ጎን ለጎን ተዘርግተው።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለውን ውሸት ነበር ስጠብቅ የኖርኩት፤ መሣሪያዬም ተወልውሎ ተቀምጧል። እህቴ ገበያ ሄዳ ነበር፤ እስክትመለስ እንኳን አልጠበቅኩም። ፎቶዎቹን፣ ቪዲዮውን፣ ደረሰኙን አያያዝኩና እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ "ሱቃችን የትራስ ልብስ ሠርቶም ሸጦም አያውቅም። በፎቶው የሚታዩት ዕቃዎች የእኛ ሥራ አይደሉም። ገዢዋ ከሌላ ቦታ ያመጣቻቸው ናቸው።" ላክሁት። ሻይ ቀድቼ ጠጣሁ።

እህቴ ዘንቢሏን በር ላይ አስቀምጣ ስትገባ ስልኩን ሰጠኋት። "እይ የባለ ወፏሽን ጉድ።"

ስልኩን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ፊቷ በራ።

"ደረሰላት!"

"ምኑ?"

"ምራቂው ነዋ! አየህ እንዴት አድርጋ እንደዘረጋቻቸው? ወደደቻቸው ማለት ነው።"

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። እሷ የተናገረችውን ነው የማስታውሰው። ሁለቱን የትራስ ልብሶች የሠራችው እኔ ከቤት ስወጣ ነው፤ ካርቶኑን የከፈተችው በታች በኩል ነው፤ ፕላስተሩን በመርፌ ጫፍ ቀስ ብላ አንስታ መልሳ ለጥፋዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ስፌት ፈትታ መልሳ ስትሰፋ ለኖረች ሴት የካርቶን ሥር ምኗ ነው? አልጋ ልብሱ ብቻ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ጥቅል ጀምሮ ያለ ምራቂ የወጣ ዕቃ የለም። ሄጄ አስተያየቶቹን አነበብኩ። "ስለ ትንሿ መሐረብ እናመሰግናለን" ይላል አንዱ። "የተጨመረችው የመርፌ መሰኪያ ታምራለች" ይላል ሌላው። ስንት ወር ከኮከቡ ሥር ተጽፎ ተቀምጧል።

"እትዬ፣ አይገባም ብዬሽ አልነበር?"

"አንተ አታስገባ አልከኝ፤ አላስገባህም። እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

"አሁን እኮ ይሄንን የእኛ አይደለም ብዬ ጽፌያለሁ!"

ዘንቢሉን ልታነሳ ጎንበስ ያለችው እህቴ ቀና አለች።

"ምን ብለህ ነው የጻፍከው?"

"የእኛ ሥራ አይደለም ብዬ።"

"የኔን ጥልፍ?"

"አላወቅኩም ነበር፤ የትራስ ልብስ እንደሠራሽ ማን ነገረኝ?"

"ወፎቹን አታውቃቸውም? በዚህ ጥልፍ ነው ያደግከው። የለበስከው፣ የተማርከው በሱ ነው። አይተኸው 'የእኛ አይደለም' አልክ?"

ጋሼ ከሥራ ሲገባ ሁለታችንም እንደቆምን አገኘን። ነገሩን ነገርኩት። ኮፍያውን አውልቆ ተቀመጠና፣ "ባጎረስኩ ተነከስኩ ማለት ይሄ ነው" አለ። እህቴ አልሳቀችም። "እሷ ጨርቅ ነው የወሰደችብኝ" አለች ወደ እኔ ሳታይ። "ይሄ ልጅ ግን እጄን ካደኝ።"

ያን ማታ ለድረ ገጹ ማስተካከያ ጻፍኩ። የትራስ ልብሶቹ የእህቴ ሥራ መሆናቸውን፣ ካርቶኑን ከታሸገ በኋላ ከፍታ ሳላውቅ በስጦታ መልክ እንደጨመረቻቸው፣ አልጋ ልብሱም አብሮ እንደነበር። እየጻፍኩት እኔው ራሴ ባነበው አላምነውም ነበር።

መልሳቸው ጨዋ ነበር፤ "ውድ ሻጫችን" ይላል። መጀመሪያ ዕቃዎቹ የእርስዎ እንዳልሆኑ ገልጸው አሁን የእርስዎ ናቸው ብለዋል። ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ መከፈቱን ራስዎ አምነዋል፤ ስለዚህ ቪዲዮው የተላከውን ዕቃ አያሳይም። ፎቶው ላይ ያለው ክብደትና የፖስታ ቤቱ ክብደት አይገናኙም። ቅጹ ላይ የተጻፈው አንድ ዕቃ ነው። የገዢዋ ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ሱቁም ያልተመዘገበ ዕቃ በመላክና ሐሰተኛ መግለጫ በመስጠት ይዘጋል። ኢንሹራንሱን ጠየቅኩ፤ ጥቅሉ ተፈርሞ ስለደረሰ አይመለከተንም አሉ። ፊርማውን እንድታስቀምጥ ያስገደድኳት እኔ ነኝ። እህቴን ለመጠበቅ ያቆምኳቸው ዘበኞች በሙሉ ተራ በተራ ዞረው መሰከሩብን።

ጋሼ ውሳኔውን ካነበብኩለት በኋላ፣ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። አንተ ግን ዲግሪው፣ ጅቡ ሳይመጣ ስትጮህ ከርመህ ሲመጣ ጅራትህን ቆላህ" አለኝ። ቀልድ መሆን ነበረበት፤ ማንም አልሳቀም።

ለማስተማር ቃል የገባችላቸው ሁለቱ ሴቶች መጥተው እህቴ በሩ ላይ አነጋገረቻቸው። "ለጊዜው ይቆይ" ስትላቸው ሰማሁ። የተሰቀለውን ክር ግን ከግድግዳው አላወረደችውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ "ያንን ፎቶ አሳየኝ" አለችኝ። ከተጣላን ወዲህ ራሷ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። የባለ ወፏን ፎቶ ከፈትኩላት። የትራስ ልብሶቹን አላየችም፤ ስልኩን ዓይኗ አጠገብ ይዛ ቀስ እያለች ወደ ግራ አንሸራተተችው። በፎቶው ጥግ፣ የትራስ ልብሱ ጫፍ ሲያልቅ፣ ጣት የማትሞላ ቀይ ነገር አለች።

"ጭራዋ ናት" አለች።

"የማን?"

"ያኮረፈችዋ። ትራሶቹን የዘረጋችው አልጋ ልብሱ ላይ ነው። አንጥፋዋለች።"

ስልኩን ተቀብዬ ጥጉን አጎላሁት። ባጎላሁት ቁጥር ቀዩ እየፈዘዘ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ተበተነ። ጭራ ሊሆን ይችላል። የምንጣፍ ጫፍም ሊሆን ይችላል፣ የጫማ ማሰሪያም። የእኔ ዓይን ጤነኛ ነው፤ የማየው ግን ቀይ ነገር ብቻ ነው። የእሷ ዓይን የቀረው መሐሉ ብቻ ነው፤ እሷ ግን ያየችውን አወቀች። ወይም ማወቅ ፈለገች። እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ለድረ ገጹ ላክሁት፤ "ጉዳዩ ተዘግቷል" የሚል መልስ በሰከንድ ውስጥ መጣ፤ ሰው እንኳን አላነበበውም።

"እንግዲያው ለራሷ ጻፍላት" አለች እህቴ።

"ምን ልበላት? ሌባ ልበላት?"

"እኔ የምልህን ጻፍ። ከራስህ ምራቂ እንዳትጨምር።"

"እትዬ፣ ይቺ ሴት ሰርቃሻለች እኮ።"

"አንተ ከመጀመሪያው ሌባ ብለህ ነው ያናገርካት፤ 'እሺ እንዳላችሁ' አለችህ። እኔ አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ጻፍ።"

እውነት እንዲህ ይሆን? ሴትዮዋ ቀድሞውንም ለመስረቅ የመጣች ነበረች፣ ወይስ እንደ ሌባ ስለያዝኳት ነው ያመረረችው? እህቴ መስኮቱ ሥር ቁጭ ብላ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ አንድ በአንድ ተናገረች። እኔ እየተረጎምኩ ጻፍኩ። አንዲት ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። ምራቂን በተማርኩበት ቋንቋ ምን እንደምለው ፈለግኩ፤ አጣሁ። በመጨረሻ "ስጦታ" ብዬ ጻፍኩት፤ ያኔ ቅጹ ላይ አልጽፍም ያልኩትን ቃል።

መልእክቱ ይህ ነው፦

"ደህና ነሽ ወይ? ቀዩ ክር ቀለም ይለቃል። በማሽን አትጠቢው፤ በቀዝቃዛ ውሃ፣ በእጅ፣ ከሌላ ልብስ ሳይቀላቀል እጠቢው። አትጭመቂው። ስታሰጪው ፀሐይ እንዳያገኘው፤ ጥላ ላይ ገልብጠሽ አስጪው። ጀርባዋን ያዞረችዋ ወፍ ጭራዋ ላይ ስፌቱ ስስ ነው፤ በእግርሽ በኩል አድርጊያት እንጂ በራስጌ አታድርጊያት፣ ቶሎ ትተረተራለች። የትራስ ልብሶቹ ስጦታ ናቸው። ልክሽን ስለማላውቅ በግምት ነው የሰፋኋቸው። ልክ ሆኑልሽ?"

"ላክልኝ" አለች። ላክሁት።

መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት "መለሰች?" ትለኝ ነበር። ቆይታ ጥያቄውን ተወችው፤ ስልኬ ሲጮህ ብቻ ፊቷን ወደ እኔ ታዞራለች። እኔንም በቀደም ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ስስብ ሰማችኝና ከመስኮቷ ሆና፣ "ካፖርትህን አውጥተህ አናፍሰው፤ ብል በልቶት ይሆናል" አለችኝ። ድረ ገጹ ሱቁን ቢዘጋም የድሮ መልእክቶችን አላጠፋም፤ ዛሬም ሲከፈት ይታያል። ከመልእክታችን ሥር "ተነቧል" የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች። ከእሷ ሥር ምንም የለም።